እባቡን ማን ስም አወጣለት?

ርእሱን አይታችሁ «ደግሞ እባብ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ጓደኞች እንደምትኖሩ እናውቃለን። እኛም ካለፈው ክረምት በፊት እንደናንተው ነበርን። እባብ ይመታል እንጂ ታሪኩ አይጻፍም፤ ያደግንበት ሕግ ይኸው ነው። ነገሩን ያመጣብን ፍኖተ ሰላም ያለ የአንድ ጓደኛችን ቤት ጓሮ ነው።

ነሐሴ ነበር። ሦስት ሆነን ለዕረፍት አገር ቤት ወርደናል፤ ሁለታችን የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ አንዳችን የቡሬ። ዝናቡ ጋብ ሲል የጓደኛችን እናት ማገዶ ሊያመጡ ከቤቱ ጀርባ ዞሩና «ኡኡ!» አሉ። እኛ እስክንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደርሷል። ከእንጨቱ ክምር ሥር የወጣው እባብ አንድ ክንድ ቢሞላ ነው። ቡናማ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ፈዘዝ ያለ መስመር ወርዶበታል፣ የነጠላ ጥለት ይመስላል። አንድ የጎረቤት አዛውንት በከዘራቸው አንድ ጊዜ አሉት፤ አለቀ።

«አያ፣ ምን ዓይነት እባብ ነው?» አልናቸው።

«እባብ ነዋ!»

«ማለታችን፣ መርዝ ያለው ነው?»

«እባብ አይደለም እንዴ? የተማራችሁት እናንተ፤ እናንተ ንገሩን እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። ከሦስታችን አንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ የተማረ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን እንደኛው የታሪክ ተማሪዎቹ አፉን ይዞ ቆመ። ማታ ቡና ላይ ስናበሽቀው እሱ ራሱ የባሰውን ነገረን። የሰሜን አሜሪካ አንዲት ትንሽ እባብ ስም ከነአባቷ በቃሉ ያውቃል! መጽሐፍ ላይ አንብቧት ነው። ቡናማ ናት፤ ሰው ግቢ ውስጥ ትኖራለች፣ ቀንድ አውጣና የመሬት ትል ትበላለች፣ ሰው አትጎዳም። ኒው ዮርክን በመሰለ ከተማ ውስጥ እንኳ ትገኛለች። ስሟ በላቲን ስቶሬሪያ ደካዪ ነው። ደካይ የኒው ዮርክ ሐኪም ነበር፣ የእንስሳት ነገርም ያጠና ነበር። ስቶረር የቦስተን ሐኪም ነበር። እባቢቱን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለዓለም የገለጸው ሆልብሩክ ደግሞ የቻርልስተን ሐኪም። መጀመሪያ የወጣላት የወገን ስም ኮሉበር ነበር፤ ኮሉበር ያን ጊዜ እባብ ሁሉ የሚታጎርበት በረት ነው። በ1853 ቤርድና ዢራር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከበረቱ አውጥተው የራሷን ወገን አበጁላት፤ እሱንም ለስቶረር መታሰቢያ አደረጉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እባቢቱ ከፊት አንድ ሐኪም፣ ከኋላ አንድ ሐኪም ተሸክማ ትሄዳለች። ከራሷ መልክና ጠባይ በስሟ ውስጥ አንድ ፊደል የለም።

«የኛውስ?» አለ የቡሬው ልጅ። «የኛውን እባብ ማን ስም አወጣለት?»

ይህ ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ልጅ ነው። ግቢ ከተመለስን በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለቃቅመን ያገኘነውን እንዲህ አቅርበነዋል። (የፈረንጁን ዓመት እ.ኤ.አ. እያልን፣ የኛውን ዓ.ም. እያልን እንለያለን፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ አንባቢ ጦሱ በራሱ ነው።)

መጀመሪያ ደንቡን እንረዳ። ደንቡን የጀመረው ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ የእንስሳት ስያሜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፉ ጀምሮ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ቃል ይኖረዋል፤ የፊተኛው የወገኑ፣ የኋለኛው የራሱ። እኛ በስምና በአባት ስም እንደምንጠራው ነው፣ ግን የአባቱ ስም ይቀድማል። ሊኔየስ እባብን ብዙም አይወድም ነበር፤ ከእንቁራሪት ጋር በአንድ ክፍል ከቷቸው ሁሉንም በአስቀያሚነታቸው አምቷቸዋል። ቢሆንም አንድ ብልሃት ተወልን። የእባብ ቀለም አልኮል ውስጥ ሲቆይ ይለቃል፤ የሆዱና የጅራቱ ቅርፊት ቁጥር ግን አይለወጥም። ስለዚህ ቆጠረው። እስከ ዛሬም እባብ የሚያጠና ሰው ሁሉ ከሆዱ በኩል ገልብጦ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል።

ሁለት ሕጎች ደግሞ አሉ። አንደኛ፣ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል። ሁለተኛ፣ ስም የሚታሰረው በሕይወት ካለው እንስሳ ጋር ሳይሆን ጠርሙስ ውስጥ ካለው ናሙና ጋር ነው። ጠርሙሱ ፓሪስ ከሆነ፣ የእባቡ «መሠረት» ፓሪስ ነው። ጎጃም ውስጥ ሺህ ቢሳብም ጥርጥር ሲመጣ ፍርድ የሚሰጠው የፓሪሱ ነው። ይህን ሕግ ስናነብ የሳቅንም የተናደድንም ነበርን።

ይህን ስንል አገራችን ፍጥረትን አልመደበችም ለማለት አይደለም። ጎጃም ተወልዶ ሥነ ፍጥረት ያልሰማ የለም። በዕለተ ሐሙስ እግዚአብሔር ከባሕር ሦስት ወገን ፍጥረት አስገኘ ይላሉ የቤተ ክህነት መምህራን፤ በእግር የሚሽከረከር፣ በልብ የሚሳብ፣ በክንፍ የሚበር። ዓርብም ከየብስ እንዲሁ። ይህ ምደባ ነው፤ መለኪያውም አካሄድ ነው። የእንቅስቃሴን ነገር መሠረት አድርጎ ፍጥረትን መክፈል የሞኝ ሥራ አይደለም። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም ስለ እባብ ይተርካል፤ ሲያረጅ ጾሞ ጾሞ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ አሮጌ ቆዳውን እንደሚጥል። ጾሙ ለምሳሌ የተነገረ ይሁን እንጂ ቆዳ መጣሉን ያዩት በእርግጥም በዓይናቸው ነው። በአፈ ታሪካችን ደግሞ አርዌ የሚባል እባብ አገር ገዝቷል ይባላል፤ ንጉሥ ሆኖ የተተረከለት እባብ ያለን ሕዝብ ነን።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉትን ቃላት ቁጠሯቸው። እባብ፣ እፉኝት፣ ዘንዶ። ከዚያ ወዲያ «ጥቁሩ»፣ «አረንጓዴው»፣ «ያ ትልቁ» ነው። ሦስቱ ቃላት ምን ለዩ ብትሉን፣ በኛ ግምት የፍርሃታችንን መጠን ነው የለዩት። ዘንዶ የሚውጥ፣ እፉኝት የሚገድል፣ እባብ የቀረው ሁሉ። እፉኝቱ በእርግጥ ይገድላል፤ ስሙንም በሥራው አግኝቷል። ምንም የማይጎዳው ግን ስም ለማግኘት የሚያበቃ ጥፋት ስላላጠፋ ስም አልባ ቀርቶ፣ በስም አልባነቱ በከዘራ ይሞታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በልጥ የሚበረይ ሰው ባለ መስመሩን ከባለ ነጥቡ ለይ ቢሉት ምን ሊል ነው!

ወደ እንግዶቹ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሰከላ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከኛው ቀዬ ማዶ ነው። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እንስሳትና ዕፀዋት ሥሎ አስቀምጧል፤ እባብም አለበት። የትኛው እባብ ቢሉ ግን ከዓይኑ በላይ ቀንድ ያለው የበረሃ እፉኝት ነው። አሸዋ ውስጥ የሚኖር፣ የጎጃም ገበሬ በሕልሙም የማያየው። ግሽ ድረስ መጥቶ የበረሃውን ይዞ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የፍራንክፈርቱ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 ሰሜኑን አዳረሰ፤ የቀይ ቀበሮ የላቲን ስም ውስጥ የሰሜን ተራሮች ስም የገባው በእርሱ ነው።

ፈረንሳዮቹ ቀጠሉ። በሌፌብር የሚመራው ጓድ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 አገራችን ቆየ። ካርታን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች አብረውት ነበሩ፤ ዕፀዋትና እንስሳት የመሰብሰብ ሥራ የነሱ ነበር። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። ካርታን ዲሎን በጉዞው ላይ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። እንግዲህ «ፈረንጅ በነጻ ወሰደ» ብሎ መናገር ለሚቀናን ለኛ ይህም ይታሰብ። ዓባይ ዋጋውን ተቀብሏል።

የኛ እባብ መጽሐፍ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፓሪስ ውስጥ ዱሜሪል የሚባል ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ረዳቱ ቢብሮንና የዱሜሪል ልጅ ኦጉስት በዓለም ያለውን በደረቱ የሚሳብ ሁሉ በዘጠኝ ቅጽ ለመጨረስ ተነሥተው ነበር። ሥራው ከ1834 እስከ 1854 ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ቢብሮን መጨረሻውን ሳያይ በ1848 ሞተ። ሰባተኛው ቅጽ በ1854 ሲወጣ ከ«አቢሲኒያ» የመጣ አንድ እባብ ተገለጸበት። ከቤት እባቦች ወገን ከቦኤዶን ጋር መደቡት፤ የራሱ ስም ደግሞ ሌምኒስካቱስ ሆነ። ይህ የላቲን ቃል በጥብጣብ ያጌጠ፣ ባለ ጥብጣብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ዘግተን ተያየን። እኛ ጓሮ ቆመን «የነጠላ ጥለት ይመስላል» ያልነውን፣ ፓሪስ ውስጥ የአልኮል ጠርሙስ ፊት የተቀመጡ ሰዎች ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቀድመው «ጥብጣብ» ብለውታል። ነጠላ አይተው ቢያውቁ ኖሮ ጥለት ይሉት ነበር!

ግን «አቢሲኒያ» ምንድን ነው? ደጋ ነው ቆላ? ጎጃም ነው ትግሬ? ማን ያዘው፣ ከየትኛው ድንጋይ ሥር? የያዘው ምናልባት ለአንድ ጠገራ ብር የሮጠ እረኛ ነው። የጠርሙሱ ወረቀት ስለ እርሱ አንዳች አይልም። የፈረንሳዩ ፕሮፌሰር ስም ከነልጁ አለ፣ የመንደሩ ስም የለም። በኛ አገር የታሪክ ትምህርት ይህን ጉዳይ በብራና መጻሕፍት በኩል እናውቀዋለን። በ1868 እ.ኤ.አ. የናፒየር ጦር መቅደላ ሲወጣ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ የቅርስ ሰብሳቢ አብሮት እንደነበረ ሁላችን ተምረናል። ከዚያው ጦር ጋር ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድርና የእንስሳት ተመራማሪም እንደነበረ፣ በ1870 ስለ ሐበሻ መሬትና እንስሳት ወፍራም መጽሐፍ እንዳወጣ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። መጽሐፍ የሚሰበስበውና እንሽላሊት የሚሰበስበው በአንድ የጦር መንገድ መጡ። አንዱን እናለቅስበታለን፣ ሌላውን ረስተነዋል። በኛ በኩል ብላንፎርድን ከቅርስ ሰብሳቢው ጋር በአንድ ሚዛን አናስቀምጥም፤ እንሽላሊቱ ዘሩ እዚህ ቀርቷል፣ ብራናው ዘር የለውም።

ለንደን ውስጥ ቡላንዤ የሚባል ቤልጅግ የተወለደ ሰው የብሪቲሽ ሙዚየምን እባቦች በሦስት ቅጽ መዝገብ ጨረሰ፤ 1893፣ 1894፣ 1896። የመጨረሻው የወጣው በአድዋ ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት በ1897 ደግሞ የቱሪኑ ፔራካ አንድ የኛን አካባቢ እባብ መርምሮ፣ ከቤት እባቦቹ ጋር ቢመሳሰልም የተለየ ነው ብሎ አዲስ ወገን አቆመ። ስሙን ፕሴውዶቦኦዶን አለው፤ «ሐሰተኛ ቦኦዶን»፣ መሳይ ማለት ነው። ባለ ጥለቱም ከጊዜ በኋላ ወደዚህ ወገን ተዛወረ። አሳዛኝ ስም ነው። በገዛ አገሩ የሚኖር ፍጡር ሌላውን ባለመሆኑ ተሰየመ። የቤት እባቦቹ አውሮፓ ቀድመው ስለደረሱ እነሱ እውነተኞች ሆኑ፣ የኛው ሐሰተኛ።

ይህ ወገን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም የለም። እስካሁን የታወቁት አራት ዝርያዎች ናቸው። ባለ ጥለቱ የ1854። ሁለተኛው ፔራካ በ1897 ያወጣው ጋስኬ፤ ጋስካ የሚባል ሰው መታሰቢያ ነው። ሦስተኛው ራስሙሰንና ላርገን በ1992 ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የገለጹት ቦህሜይ፤ ይህም ለጀርመናዊው የእባብ ሊቅ ለቦህመ ነው። አራተኛው ስቲቨን ስፖልስ በ2004 ከኢትዮጵያ ደጋ የገለጸው ሳንድፎርዶሩም ነው። ከአራት ሦስቱ የሰው ስም፣ ሦስቱም የውጭ አገር ሰው ስም።

አራተኛው ላይ ቆም እንበል፤ የቡሬው ጓደኛችን ከመቀመጫው የተነሣው እዚህ ላይ ነው።

ሳንድፎርዶሩም ማለት «የሳንድፎርዶች» ማለት ነው፤ ለቤተሰቡ በሙሉ የተሰጠ ስም። የቤተሰቡ አባት ዳንኤል ሳንድፎርድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሳንድፎርድን በትምህርት ቤቱ ያውቀዋል፤ የሳንድፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ክርስቲን የመሠረቱት ነው። የቡሬ ሰው ግን የሚያውቀው በሌላ ነው። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ትንሽ ጓድ ይዞ ከሱዳን ጠረፍ ተሻግሮ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረውት ነበሩ፤ «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለው የታወቀ መጽሐፍ ደራሲ ናቸው። ሥራቸው የጎጃምን አርበኞች ከውጭ ከሚመጣው መሣሪያና ከንጉሡ ጋር ማገናኘት ነበር።

ያን ጊዜ ቡሬ ዙሪያና ዳሞት ያሉት ዋነኛ የአርበኛ አለቆች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ነበር፤ በዚያው በመስከረም በጋራ ለመሥራት ተስማሙ። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። የዊንጌት ጦርና አርበኞቹ ቡሬን ሲያስጨንቁ ከርመው የካቲት 25 ጣሊያን ምሽጉን ትቶ ወጣ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት፣ እኛም የማናውቀው የነበረ፣ የዚያ ታሪክ አንድ ጭራፊ በእባብ ስም ውስጥ መቀመጡን ነው።

ክርክራችን ሌሊቱን ፈጀ። የቡሬው ልጅ እንዲህ አለ፤ «ሳንድፎርድን ያሳደሩት፣ በቅሎውን የመገቡት፣ መንገድ የመሩት የኛ አያቶች ናቸው። ጣሊያን ቤታቸውን ያቃጠለው እነሱን ነው። እባቡም የነሱ ደጅ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ስሙ ለእንግዳው ሆነ!» ሁለተኛችን መለሰ፤ «ሰውየው እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚህ እርሻ ነበረው፤ ከድሉ በኋላም እዚሁ ኖሮ በ1972 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሞተ። ልጆቹም አገሬው ሆኑ። ስም ያወጣውም ሳይንቲስት ነው እንጂ እሱ ለራሱ አላወጣም። ያጠፋው ምንድን ነው?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፤ ሳንድፎርድ ስሙ መግባቱ አይቆጨንም፣ የሚቆጨን ከመቶ ሃምሳ ዓመት የስም አወጣጥ ውስጥ ናሙና ሲሸከም የነበረ አንድም የአገር ልጅ አለመግባቱ ነው። ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ያዘነው ሰው እባቡን ለማጥናት ደጅ የወጣ አይደለም። ስፖልስም ላርገንም ዝናብ እየመታቸው ድንጋይ ገልብጠዋል፤ በ2010 የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪትና እባብ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አስቀምጠውልናል። ላርገን በዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እኛ ያን ጊዜ የት ነበርን? ከዘራ ይዘን።

የሰው ስም መስጠት ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም። ጀርመናዊው ቦህመ ራሱ በ1977 ከኢሉባቦር የተገኘ ትልቅ እፉኝት ሲገልጽ «ዓይነ ትንሽ» የሚል ስም ነው ያወጣለት። በ2016 ደግሞ ከባሌ የተገኘው ዘመዱ በሐረና ደን ስም ቢቲስ ሐረና ተባለ። ያኛው ናሙና ለንደን ሙዚየም ውስጥ የወንድሙ ስም ተለጥፎበት ዓመታት የተቀመጠ ነበር።

ከሁሉ የደነቀን ግን የ2022ቱ ነው። ኤርላንገር የሚባል ጀርመናዊ መኳንንት እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ኢትዮጵያን አቋርጦ በርካታ እንስሳት ሰብስቦ ነበር። ስተርንፌልድ በ1908 አንዱን እባብ በእሱ ስም ኤርላንገሪ ብሎ ሰየመው። የወገን ስሙ ግን ከዚያ በኋላ መከራ አየ፤ አንዴ ከዚህ የቤት እባብ ወገን፣ አንዴ ከዚያኛው ሲያንከራትቱት ኖሩ። በ2022 የዘር ቅንጣቱን መርምረው ከሁሉም የተለየ መሆኑን ያረጋገጡ ተመራማሪዎች አዲስ ወገን አቆሙለት። ስሙም ቦፋ ሆነ። ቦፋ ኤርላንገሪ። ቦፋ ኦሮምኛ ነው፤ እባብ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ደንቡ ስም ከላቲን ወይም ከግሪክ ብቻ ይምጣ አይልም። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ከየትኛውም ቋንቋ ይፈቅዳል። ከዱሜሪል ጀምሮ ይፈቀድ የነበረ ነገር ነው። ለአንዲት ቃል ያን ያህል ዘመን ተጠበቀ። የፊተኛው ስም ኦሮምኛ፣ የኋለኛው ጀርመናዊ፤ አሁን ቢያንስ እባቡ ራሱ በስሙ ውስጥ አለ። የአሜሪካዋን ባለ ሁለት ሐኪም እባብ አስታወሳችሁ? የኛው በልጧታል።

«ታዲያ እባብ የሚለው የኛ ቃል መቼ ይገባል?» አለ አንዳችን። ሳቅን። ከሳቃችን በኋላ ግን የባዮሎጂው ልጅ ቁም ነገር ተናገረ። የላቲኑን ስም መለወጥ አንችልም፤ ባለ ጥለቱ በ1854 ታስሯል፣ ቀድሞ የታተመ ይጸናል። የአገርኛ ስሙን ግን ማንም አላሰረውም። ገበሬ ሊጠራው የሚችል፣ ተማሪ ሊጽፈው የሚችል ስም ሳይወጣለት አንድ እባብ ከእፉኝት ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም። ሐሰተኛ ቦኦዶኖቹ ሰው የሚጎዳ መርዝ የላቸውም። ይህን ለእናቶቻችን ለመንገር «ፕሴውዶቦኦዶን ሌምኒስካቱስ አትምቱ» ብንል ማን ይሰማናል? «ባለ ጥለቱን አትምቱ» ቢባል ግን ቢያንስ ጆሮ ይገባል።

የጓሮውን እባብ ነገር እንጨርስ። ያን ዕለት ማታ እንዳይጣል ለምነን ወሰድነው። የጓደኛችንን እናት ዳግም አረቄ ስንጠይቃቸው ለኛ መስሏቸው ደስ ብሏቸው አመጡ፤ ጠርሙስ ውስጥ እባቡ ላይ ስናፈሰው ግን «ለእባብ አረቄ! ተማርን ብላችሁ አበዳችሁ» ብለው አማተቡ። እኛም ፈረንጆቹ ያደረጉትን ማድረጋችን ነው። የሆዱን ቅርፊት በኩራዝ ሦስት ጊዜ ቆጥረን ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘን፤ ቡላንዤ ይህን ሥራ ዕድሜውን በሙሉ እንዴት እንደሠራው እግዜር ይወቅ። መልኩን ኋላ ከመጽሐፉ ጋር ስናስተያየው ለባለ ጥለቱ የቀረበ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሙዚየም ሰው ይስጥ። አራት ኪሎ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ድረስ የመውሰዱ ተራ የቡሬው ልጅ ነው፣ እስካሁን ግን ጠርሙሱን ሻንጣው ውስጥ ልብስ ጠቅልሎበት አስቀምጦታል። ወረቀቱ ላይ «አቢሲኒያ» አላልንም። ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ፣ ከማገዶ ክምር ሥር ብለን ጻፍን። የመታውን ሰውም ስም ጻፍን፤ አያ ፈቅደዋል።

በጥር ለጥቂት ቀን ስንመለስ እናቲቱ ቡና እየቆሉ፣ «ጓደኛው መጥቶ ነበር» አሉን።

«ጥለት ያለው?»

«ጥለት ያለው። እዚያው እንጨቱ ሥር።»

«እና፣ መቱት?»

«አያ ገበያ ወርደው ነበር» አሉና ጀበናውን ወደ እሳቱ አስጠጉት።